ምዕራፍ 7፦ ድንጋዩ የት ይውደቅ?

በምዕራፍ 3 ስኳር በትኩስ ሻይ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟው ለምን እንደሆነ አይተናል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የመሟሟት ነገር ይቀላል ብለን ነበር ያለፍነው። እዚያ ላይ ሆን ብዬ ያላነሳሁት አንድ አፈንጋጭ አለ። የጉድጓድ ውሃ ከሚመጣበት ቤት ገብታችሁ ለጥቂት ወራት የሠራ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ክዳኑን ክፈቱ። ከሥሩ ነጭ ወይም ወደ ቡናማ ያደላ ሻካራ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው «ጨው ነው» ይላል። የወጥ ጨው ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀጥለው ፍልታ አሟሙቶ ያወጣው ነበር። ይኼኛው በፈላ ቁጥር ይወፍራል።

ከቧንቧ የተቀዳው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ውስጡ ድንጋይ ካለ የት ተደብቆ ነበር? ሲሞቅስ ለምን ወጣ? የዚህ ምዕራፍ ነገር በሙሉ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። መልሱም ስለ ድንጋይ ሳይሆን ስለ ጋዝ ነው።

የአምቦ ውሃ ምስጢር

አምቦ ውሃ ጋዙን ከከርሰ ምድር ይዞ የሚወጣ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ሽሽ ብሎ የሚያመልጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እኛም ስንተነፍስ የምናወጣው ጋዝ። አሁን ጥቂት አምቦ ውሃ በንጹሕ ድስት አፍሉና አስቀምጡት። ጋዙ ተሟጦ ሲያልቅ ውሃው ይደፈርሳል፤ ቆይቶም ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል። የጨመራችሁበት ነገር የለም። የወጣው ጋዙ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ (ኬሚስቶች ካልሲየም ካርቦኔት የሚሉት፣ ጠመኔም የእንቁላል ቅርፊትም የሚሠሩበት) በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አይመስልም። ጋዝ በሌለው 1 ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ወደ 15 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከያዘ ግን ደካማ አሲድ ይሆንና ድንጋዩን ይበላዋል፤ በ1 ሊትር ብዙ መቶ ሚሊ ግራም ሊሸከም ይችላል። የተሸከመውም ቀለም የለውም፤ በዓይን አይታይም። ጋዙ እስካለ ድንጋዩ ታስሮ ይቆያል። ጋዙ ሲሄድ ድንጋዩ የሚይዘው ያጣና ይወድቃል።

የባሌን የሶፍ ዑመር ዋሻ የፈለፈለው ይኸው ሥራ ነው። የወይብ ወንዝ ጋዝ የያዘ ውሃውን ይዞ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ እየበላው ኖሯል። በእንዲህ ያሉ ዋሻዎች ከጣራው ተንጠልጥለው የሚታዩት የድንጋይ እንጥልጥሎች ደግሞ የተገላቢጦሹ ናቸው፤ የሚንጠባጠበው ውሃ አየር ሲያገኝ ጋዙን ይለቅና ድንጋዩን ያስቀምጣል። ዋሻ ውስጥ ዘመናት የሚፈጀውን ውሃ ማፍያው በደቂቃዎች ይሠራዋል። ሙቀት ጋዝን ከውሃ ያባርራልና።

እንግዲህ በሊትር ብዙ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተሸከመ ውሃ ጠጣር ውሃ ይባላል፤ ጥቂት የያዘው ልዝብ ውሃ ነው። መለኪያው የተሸከመው ሁሉ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ የሚሆነው ሚሊ ግራም በሊትር ነው። እስከ 60 ልዝብ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠጣር ማለት የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ጣሪያውን 300 ላይ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠጣርነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም፤ ካልሲየምም ማግኒዚየምም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ድንጋይ ከጠጣን ኩላሊታችን ድንጋይ ይሠራል» የሚል ፍርሃት በየቤቱ ስለምሰማ ነው። ጠጣር ውሃን ፈርቶ ውሃ መጠጣት የሚቀንስ ሰው ራሱን ለኩላሊት ጠጠር የበለጠ ያጋልጣል።

ዘቢዳር ላይ የወደቀ ዝናብ

አሁን ውሃው ድንጋዩን ከየት እንደሚያነሳ በአንድ አካባቢ እንከተል። የጉራጌ ተራሮች ሁለት አገር ያጠጣሉ። በምዕራቡ ገጽ የሚወርደው ውሃ እንደ ዋቤ ባሉ ወንዞች ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ይሄዳል፤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ወልቂጤ በዚህ በኩል ናት፣ በጅማ መንገድ። በምሥራቁ ገጽ የሚወርደው በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ በዚያ በኩል፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ተቀምጣለች።

ሁለቱም ከተሞች የቆሙት እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። ቡታጅራ አጠገብ ያለው የሐራ ሸይጣን ሐይቅ ራሱ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ ጥሩ አንባቢ ሊያስቆመኝ ይገባል። የኖራ ድንጋይ በሌለበት አገር ካልሲየሙ ከየት መጣ?

ከጥቁሩ ድንጋይ ነው የመጣው። ባዛልት በውስጡ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያዘሉ ማዕድናት አሉት። ዝናቡ ከሰማይ ሲወርድ ልዝብ ነው፤ ምንም አልተሸከመም። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ግን ሥራሥሮችና ረቂቅ ሕዋሳት ከሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይገናኛል። በአፈር ቀዳዳዎች ያለው ጋዝ ከውጭው አየር በአሥር እጥፎች ሊበልጥ ይችላል። ዘመኑን ሙሉ ፍግ የጠገበ የእንሰት ጓሮ አፈር ደግሞ ሕይወት የሚርመሰመስበት ነው። ውሃው ጋዙን እዚያ ጠጥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድንጋዩንም ቀስ በቀስ ይበላል። ለዚህ ነው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ የከርሰ ምድር ውሃ ባብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከባይካርቦኔት ጋር የያዘ የሚሆነው። ባይካርቦኔት ያልነው ያ የታሰረው ጋዝ ነው፣ በሌላ መልኩ።

የድሬዳዋ ጉድጓዶች የኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለተቆፈሩ ከዚህ የባሰ ጠጣር ውሃ ይሰጣሉ። የመቀሌው ደግሞ የተለየ ነገር አለው፤ በአካባቢው ካለው ጂፕሰም ሰልፌት ይጨመርበታል። ሰልፌት በማፍላት የሚባረር ጋዝ ስላልሆነ፣ ካልሲየሙ ከእሱ ጋር ከተጣመደ ውሃው ቢፈላም ጠጣርነቱ አይለቀውም። ጊዜያዊና ቋሚ ጠጣርነት የሚባለው ልዩነት ይኼ ነው። እኛን የሚመለከተን ይበልጡን ጊዜያዊው ነው።

ሬዚስታንሱ ለምን ይቃጠላል

አንድ ቤተሰብ በቀን 4 ሊትር ውሃ ያፈላል እንበል፤ ውሃውም በሊትር 200 ሚሊ ግራም የያዘ ይሁን። ሲፈላ ግማሹ ብቻ ቢወድቅ በቀን 0.4 ግራም፣ በዓመት ወደ 150 ግራም ይሆናል። አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ድንጋይ ማለት ነው። የተወሰነው ከውሃው ጋር ተቀድቶ ይሄዳል፤ የቀረው ሙቀቱ በበረታበት ቦታ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል።

«ቅርፊቱ የመብራት ፍጆታ ይጨምራል» የሚለውን ማስታወቂያ ሁላችንም ሰምተናል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ይኼ አባባል ብዙ አያስኬድም። ውሃ ውስጥ የተነከረ ሬዚስታንስ ያወጣው ሙቀት ከውሃው በቀር መሄጃ የለውም፤ ቅርፊቱ ያዘገየዋል እንጂ የትም አይወስደውም። በከሰል፣ በእንጨት ወይም በጋዝ ለሚሞቅ ድስት ግን ወቀሳው እውነት ነው፤ እዚያ ያልገባው ሙቀት ከጎን አምልጦ ቤቱን ያሞቃል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳት ሌላ ነው። መዳብ ሙቀትን ከኖራ ቅርፊት ቢያንስ 200 እጥፍ አብልጦ ያሳልፋል። ሬዚስታንሱ የታዘዘውን ዋት ማውጣቱን አያቆምም፤ ሙቀቱ በቅርፊቱ ውስጥ አልፎ እንዲወጣ የራሱ ቆዳ የግድ ይበልጥ መጋል አለበት። በወረቀት እናስላው። ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳው 8 ዋት የሚያወጣ ሬዚስታንስ ላይ የሚጋገር 1 ሚሊ ሜትር ቅርፊት፣ የሬዚስታንሱን ቆዳ በ80 ዲግሪ ገደማ ያስግለዋል። 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን 240 ዲግሪ። ቴርሞስታቱ የሚለካው ውሃውን ስለሆነ ይህን ሁሉ አያውቅም። በመጨረሻ የብረቱ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቆጣሪው ይወርዳል።

የተቃጠለ ሬዚስታንስ ሁሉ ግን በኖራ አልሞተም። ውሃ ሳይኖረው የበራ፣ ወይም መብራት ሲዋዥቅ የተመታም ይቃጠላል። ጥገና ቤት ስትወስዱት አውጥተው ያሳዩአችሁ። በቅርፊት የሞተው ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ከሥሩ ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ራቁቱን ከወጣ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከገንዘብ በላይ የሚያሳስበኝ የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ውሃው ከመጠን በላይ ሲግል ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ያ ትንሽ ክፍል በኖራ ሊጋገርና ሊደርቅ ይችላል። ያኔ ቦይለሩ መተንፈሻ የሌለው ዕቃ ይሆናል። በየጥቂት ወሩ መብራቱን አጥፍቶ፣ ከሚወጣው ፍል ውሃ ፊትና እጅን አርቆ፣ የቫልቩን ማንሻ ከፍ ዝቅ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን በቀዝቃዛ ውሃ እስካጠበ ድረስ ከቅርፊት ይድናል፤ ሳሙናው ነው የሚጎዳው። ካልሲየም ከተራ ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝልግልግ አተላ ይሠራል። ነጭ ልብስ የሚያደበዝዘውም በገንዳው ዙሪያ ቀለበት የሚሠራውም እሱ ነው። ኦሞና መሰሎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ይህን አተላ እንዳይሠሩ ተደርገው የተቀመሙ ናቸው። ወጥ ቤትም ጣጣ አለው። ካልሲየም የጥራጥሬን ቆዳ ያጠነክራል፤ ንፍሮ አልበስል ሲል ባቄላው አርጅቶ ብቻ ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው በእነዚህ ከተሞች ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ውሃው ሲቀያየር

እስካሁን ውሃው አንድ እንደሆነ አድርጌ ተናገርኩ። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ሰው ይስቅብኛል። በወልቂጤ የውሃ ነገር የዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. የውሃ እጦት ያስመረራቸው ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ተደርሷል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ የቧንቧ፣ የቦቴ፣ የጎረቤት ጉድጓድና የዝናብ ውሃ በአንድ ሮቶ ሊያጠራቅም ይችላል። ስለዚህ «የከተማው ውሃ ስንት ነው?» ከማለት «የዛሬው ጀሪካን እንዴት ነው?» ማለት ይሻላል።

ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1841 ቶማስ ክላርክ የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት ጠጣርነትን በሳሙና መለካት እንደሚቻል አሳየ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ካልሲየሙ በሙሉ በሳሙና እስኪያዝ ድረስ አረፋ አይቆምም። ሁለት አንድ ዓይነት የላስቲክ ጠርሙሶች ውሰዱ። በአንዱ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የምትመረምሩትን ውሃ እስከ ግማሽ ሙሉ። ከደረቅ የልብስ ሳሙና (የዱቄት ሳሙና እዚህ አይሆንም) በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ እኩል ጨምሩና ናጡ። የዝናቡ ጠርሙስ ወዲያው እስከ አንገቱ አረፋ ይሞላል። የጠጣሩ ይደፈርሳል፤ ላይ ላዩን እንደ እርጎ ንጣፊ የተቆራረጠ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል፤ አረፋው ብቅ ብሎ ይሞታል። ሳሙና እየጨመራችሁ እንደገና ናጡ። አረፋው ለመቆም ከዝናቡ ምን ያህል የበለጠ ፍቅፋቂ እንደፈለገ ልብ በሉ። ቁጥር ባይሰጣችሁም የትኛው ጀሪካን ለካውያ፣ የትኛው ለወለል እንደሚሆን ይነግራችኋል።

ቀድሞ መጣል

ጋዙ ሲወጣ ድንጋዩ መውደቁ ካልቀረ፣ የእኛ ድርሻ መውደቂያውን መምረጥ ነው። ድስት ሥር ቢወድቅ በሽቦ ይፋቃል፤ የካውያ ቀዳዳ ውስጥ ቢወድቅ ካውያው ያልቃል።

ለእንፋሎት ካውያ የሚሆን ውሃ በድስት አምስት ደቂቃ ያህል አንተክትካችሁ አፍሉ፣ ሌሊቱን ይቀዝቅዝ፣ ጠዋት ሳታናውጡ ከላይ ቅዱ። ከታች የቀረውን ድፉት። በሐምሌና በነሐሴ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ የመጀመሪያው ዶፍ ጣራውን ካጠበ በኋላ የሚወርደው ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በጨርቅ ተጣርቶ በተከደነ ዕቃ ቢቀመጥ ለካውያ ከእሱ የሚሻል የለም።

ቦይለሩን ደግሞ ዝቅ አድርጉት። ቅርፊት በቀዝቃዛ ውሃ አይቸኩልም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው የሚፋጠነው። ብዙ ቤት ቴርሞስታቱ እስከ ጥጉ ተጠምዝዞ ይገኛል፤ ከዚያም ገላ ሊታጠብ የገባው ሰው ቀዝቃዛ ይቀላቅልበታል። 60 ላይ ማቆም ሬዚስታንሱን ያሳርፋል። ከዚያ በጣም ዝቅ ማለትም አይገባም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጀርም ይራባልና።

የተጋገረውን ለማስለቀቅ አሲድ ይበቃል። ውሃ ማፍያው ውስጥ እኩል አቼቶና ውሃ አድርጋችሁ አሙቁና ለአንድ ሰዓት ተዉት። የሎሚ ጭማቂም ይሠራል። ቅርፊቱ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ሲነሱ ታያላችሁ። ያ አረፋ ዝናቡ ከእንሰት ጓሮ የጠጣው ጋዝ ዓይነት ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ድርሻ ነው አሁን የሚወጣው። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አቼቶ የማይነካው፣ አረፋም የማያወጣ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ካገኛችሁ ደግሞ ኖራ አይደለም። የእሳተ ገሞራ አገር ውሃ ሲሊካም ይሸከማል፤ እሱን የወጥ ቤት አሲድ አይበግረውም።

ማኪያቶ የሚያፈሉ ካፌዎች ማሽናቸው ውድ ስለሆነ ውሃውን የሚያለዝብ ፊልተር ያስገባሉ። በውስጡ ያለው ዶቃ መሰል ሙጫ ሶዲየም ይሰጥና ካልሲየም ይቀበላል፤ ሲጠግብ አንዳንዱ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ አንዳንዱ ይቀየራል። ቤት ውስጥ ለአንድ ውሃ ማፍያ ሲባል ይህን መግዛት አላበረታታም። በቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ገንዘባችሁን ለአቼቶ አስቀምጡት፤ ለማግኔቱ የቀረበው ማስረጃ ከደካማ አያልፍም።

ከአፋፉ በታች

ከቡታጅራ ቁልቁል ወደ መቂና ዝዋይ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ያለው ብዙ የጉድጓድ ውሃ ልዝብ ነው፤ ሳሙና ያረፋል፣ ውሃ ማፍያ አይጋገርም። ያለዘበው ካፌው ፊልተር ውስጥ ያየነው ሥራ ነው። ውሃው የእሳተ ገሞራ አመድና የሐይቅ ሸክላ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲያልፍ ካልሲየሙን ትቶ ሶዲየም ይወስዳል፤ የቀረው ካልሲየምም በመንገድ ላይ ኖራ ሆኖ ይወድቃል።

የአካባቢው ድንጋይ ፍሎራይድም አለው። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ፍሎራይድ ብዙ አይከማችም፤ ሁለቱ ተያይዘው ማዕድን ይሆኑና ከውሃው ይወጣሉ። ካልሲየሙ ሲያልቅ ግን ፍሎራይድን የሚይዘው ይጠፋል። በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ምንጩ ይኼ ነው፤ መጠኑ ሲከፋ አጥንትም ይጎዳል። የኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። እዚያ ማፍላት አይረዳም፤ ፍሎራይድ ጋዝ ሆኖ አይወጣም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ። የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ግን ይይዘዋል፤ እንዴት እንደሚይዘው በምዕራፍ 8 እናያለን።